የጅማ ቀንድ አውጣዎች፦ ስለ ቅርፊት ልኬትና ስለሚኖሩበት ውሃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ያለው ቦዬ ረግረግ ዳር ቦቲ ጫማ አርገን ወንፊት ይዘን ጎንበስ ባልን ቁጥር ሰው ይሰበሰባል። ከብት የሚጠብቁ ልጆች፣ ልብስ ሊያጥቡ የወረዱ እናቶች፣ ለመመረቂያ ሪሰርች የመጡ ተማሪዎችም አሉ፣ እና የሁሉም ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ተመሳሳይ ነው። ስለዚ እስካሁን የተጠየቅኩትን እዚህ አንድ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው። አንዳንዱ መልስ ረዘም ይላል፣ የሚረዝመው እኔ ራሴ ብዙ የደከምኩበት ቦታ ላይ ነው።

ቀንድ አውጣ ለክቶ ምን ይገኛል?

ይሄን አንድ ሽማግሌ አባት አዌቱ ወንዝ ዳር ቆመው በጣም ከልባቸው ጠየቁኝ። የመለስኩላቸው እንዲህ ነው፦ አባባ፣ አንዳንድ የሰውም የከብትም በሽታ እዚህች ትንሽ ነገር ውስጥ ሳያልፍ አይመጣም። የአንጀት ቢልሃርዚያ ትል ባዮምፋላሪያ የምትባለው ቀንድ አውጣ ውስጥ ካልገባ ሰው ላይ መድረስ አይችልም፣ የከብት የጉበት ትልም ሊምኒያ የሚባሉት ውስጥ ሳይገባ አያድግም። ስለዚ የትኛዋ ቀንድ አውጣ የትኛው ውሃ ውስጥ እንዳለች፣ እያደገች ነው ወይስ አርጅታለች፣ በቅርቡ ፈልፍላለች ወይ የሚለውን ማወቅ ማለት አደጋው የትና መቼ እንደሆነ ማወቅ ማለት ነው። ይሄን ደግሞ የሚነግረን የቅርፊቷ ልኬት ከውሃው መረጃ ጋር ሲሆን ነው። ልኬቱ ብቻውን ምንም አይልም፣ ይሄን ከታች ደጋግሜ ስለምለው ከወዲሁ ታገሱኝ።

ጅማ አካባቢ የትኞቹን ነው የማገኘው?

ጅማ ከባህር ጠለል በላይ 1700 ሜትር አልፎ ነው ያለው፣ ዝናቡም ብዙ ነው፣ ከተማውን አዌቱና ኪቶ ወንዞች እየቆረጡት ያልፋሉ፣ ወደ ቦዬ ስትወርዱ ረግረግ ነው፣ ከዛ ደግሞ በአሰንዳቦና በኦሞ ናዳ በኩል የግልገል ግቤ ግድብ ሀይቅ አለ። ስለዚ የሚፈስም የቆመም ውሃ በቅርብ ርቀት አለ፣ ይሄ ለተማሪ ትልቅ ዕድል ነው።

ባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ሆና የተጠቀለለች ናት፣ ስፋቷ ትልቅ ስትሆን 14 እና 15 ሚሊሜትር አካባቢ ትደርሳለች። ቡሊነስ ሾጠጥ ያለች ሆና አፏ (የቅርፊቷ መክፈቻ ማለቴ ነው) ወደ ግራ ነው። ሊምኒያ ናታለንሲስ (አሁን ራዲክስ የሚሏትም አሉ) አፏ በጣም ሰፊ፣ ቅርፊቷ ስስ፣ ወደ ቀኝ የዞረች ናት። ሊምኒያ ትሩንካቱላ ደግሞ ትንሽዬ ናት፣ 10 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ከውሃው ይልቅ ዳር ያለው ጭቃ ላይ ነው የምትውለው፣ ስለዚ ወንፊት ውሃ ውስጥ ብቻ የሚያስገባ ሰው አያገኛትም። በዛ ላይ ከውጭ የመጣች ፊዛ የምትባል አለች፣ የቆሸሸ የከተማ ውሃ የማይከብዳት፣ ከቡሊነስ ጋር የምታምታታው እሷ ናት።

ቡሊነስንና ፊዛን እንዴት ነው የምለየው? ሁለቱም አፋቸው ወደ ግራ ነው

እዚህ ጋ ቆም እንበል ምክንያቱም እኔ የአንድ ሳምንት ሙሉ ልኬት የጣልኩት በዚህ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ለክቼ አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገብቼ ነበር፣ የአፍና የቁመት ምጥጥኑ ሁለት ጉብታ ያለው ግራፍ ሲያወጣ ነው ሁለት አይነት እንደደባለቅኩ የነቃሁት፣ ያኔ ናሙናው በአልኮል ደርቆ ቀለሙን ለማየት አልተቻለም።

በህይወት እያለች እዩዋት። ቡሊነስ ደሟ ሄሞግሎቢን ስላለው ስጋዋ ላይ ቀላ ያለ ነገር ይታያል፣ ባዮምፋላሪያም እንደዛው ቀይ ደም ነው ያላት። ፊዛ የላትም። የፊዛ ቅርፊት ደግሞ ያብረቀርቃል፣ እንደተወለወለ ነገር። ስለዚ ሜዳ ላይ እያላችሁ ነጭ ሳህን ላይ ውሃ አርጋችሁ ልቀቋትና እስክትወጣ ጠብቁ፣ ፎቶ አንሱ፣ ከዛ ነው ወደ አልኮል። ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

አፉ ወደ ግራ ወደ ቀኝ የምትሉት በየት በኩል ስይዘው ነው?

ሹል ጫፉ ወደ ላይ፣ አፉ ወደናንተ። በዚህ አያያዝ አፉ በቀኛችሁ በኩል ከሆነ ቀኝ ነው፣ በግራችሁ ከሆነ ግራ። ጠፍጣፋዋ ባዮምፋላሪያ ላይ ይሄ አይሰራም፣ ጫፍ የላትምና፣ እሷን በቅርጿ ብቻ ነው የምትለዩዋት።

ምን ምኑን ነው የምለካው?

ሾጣጣ ለሆኑት፦ ቁመት ማለት ከጫፏ እስከ አፏ ታችኛው ከንፈር፣ ስፋት ማለት በጣም ሰፊው ቦታ ላይ ከቁመቱ ጋር ቀጥ ባለ አቅጣጫ፣ ከዛ የአፍ ቁመትና የአፍ ስፋት። በተጨማሪ የመጨረሻው ትልቁ ጥምዝ (ቅርፊቱ የተጠቀለለበት አንዱ ዙር) ቁመት። የጥምዞቹን ቁጥርም መዝግቡ ግን ግማሽና ሩብ እየቆጠራችሁ፣ አራት ብቻ ብሎ ማለፍ ጥሩ አይደለም።

ጠፍጣፋ ለሆኑት ሌላ ነው። ባዮምፋላሪያ ላይ ዋናው ዲያሜትሯ ነው፣ ከአፏ ጠርዝ ጀምሮ ፊት ለፊት እስካለው ሩቅ ቦታ። ከዛ ውፍረቷ፣ ከዛ መሃል ላይ ያለው ጎድጓዳ እምብርት ስፋት። አንዳንድ ተማሪ የባዮምፋላሪያን ውፍረት "ቁመት" ብሎ ይጽፍና የሊምኒያ ቁመት ጎን ያስቀምጠዋል፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ አይቃወምም ዝም ብሎ ያወዳድራል፣ ውጤቱ ግን ትርጉም የለውም። ኤክሴል ላይ ለየብቻ ሺት ክፈቱላቸው።

ከቁጥሮቹ በላይ የሚጠቅመው ምጥጥኑ ነው፣ ማለትም የአፍ ቁመት ለሙሉ ቁመት ሲካፈል። ለምሳሌ ቁመቷ 18 ሚሊሜትር የአፏ ቁመት 13 የሆነች ሊምኒያ ምጥጥኗ 0.72 ነው። ቁመቷ 9 የአፏ 6.5 የሆነች ታናሿም 0.72 ናት። መጠናቸው እጥፍ ተለያየ ቅርጻቸው ግን አንድ ነው፣ ይሄን የሚያሳያችሁ ምጥጥን ብቻ ነው። ግን በጣም ትንንሾቹ ላይ ቅርጹም ከእድገት ጋር ይቀየራልና ጫጩቶቹን ከአዋቂዎቹ ጋር አትደባልቁ።

ካሊፐር (ነገሩን በመንጋጋው ቆንጥጦ የሚለካው መሳሪያ) ከሌለኝስ?

ተበደሩ ነው መልሴ፣ ምክንያቱም 5 ሚሊሜትር የሆነች ነገር ላይ ግማሽ ሚሊሜትር መሳሳት ማለት አስር በመቶ ነው። ተራው ቨርኒየር ካሊፐር እስከ 0.05 ሚሊሜትር ያነባል፣ በቂ ነው። ዲጂታሉ ከሆነ ከያንዳንዱ ዙር በፊት ዘግታችሁ ዜሮ ማለቱን አረጋግጡ፣ ባትሪው ሲደክም ቁጥሩ ይዋዥቃል።

በስልክ ፎቶ የሚለኩም አሉ፣ ይቻላል፣ ግን ማስመሪያው ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ቀንድ አውጣዋ ከሱ ከፍ ካለች ወደ ካሜራው ስለምትቀርብ ትልቅ ሆና ትወጣለች። ማስመሪያውን በሆነ ነገር ደግፋችሁ ከቅርፊቱ ሰፊ ቦታ እኩል ከፍታ ላይ አርጉት። ስልኩንም ቀጥ ብሎ ከላይ፣ ዘንበል ሳይል።

እና ምንም ብትጠቀሙ አስሯን መርጣችሁ በማግስቱ የመጀመሪያውን ሳታዩ ድጋሚ ለኩ። ሁለቱ ቁጥሮች ምን ያህል እንደሚራራቁ ስታዩ የእጃችሁን ስህተት ታውቃላችሁ፣ ከዛ በታች የሆነ ልዩነት አግኝቻለሁ ብላችሁ አትጽፉም።

ጫፉ የተበላ ቅርፊት ምን ላርገው? የኔ ግማሹ እንደዛ ነው

አትጣሉት! ይሄ ራሱ መረጃ ነው። ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ አሲድነት ያለው ወይ ካልሲየም ያነሰው ውሃ ቀስ እያለ ይበላዋል፣ መጀመሪያ የሚበላው ደግሞ ያረጀው ክፍል ማለትም ጫፉ ነው። ስለዚ ግማሹ ጫፉ የተበላ ከሆነ ውሃው አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው፣ ፒኤች (የአሲድነቱን ልክ) እና ካልሲየም ለኩ። ልኬቱን በተመለከተ ሙሉ ቁመቱንና የጥምዝ ቁጥሩን ባዶ ተዉት፣ ገምታችሁ አትሙሉ፣ በሱ ፈንታ የመጨረሻውን ጥምዝና አፉን ለኩ፣ እነሱ አዲስ ስለሆኑ ደህና ናቸው። ሰንጠረዡ ላይ "ጫፉ የተበላ" የሚል አንድ ኮለም ጨምሩ።

አንድ አይነት ቀንድ አውጣ ሆኖ የኔ ከጓደኛዬ ለምን አነሰ? እሱ ከግድቡ ነው ያመጣው እኔ ከአዌቱ

ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ሲደርስ የሆነ የተሳሳተ ነገር የሰራ መስሎት ይደነግጣል፣ ወይ ደግሞ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብሎ ይደሰታል። ሁለቱም ላይሆን ይችላል።

ቅርፊት እንደ ጸጉር ነው፣ የኖርክበትን ይዞ ይወጣል። ውሃው ሲሞቅ (ለባዮምፋላሪያ ከ22 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ውስጥ) ቶሎ ታድጋለች፣ ሲቀዘቅዝ ትዘገያለች። ካልሲየም ሲያንስ ቅርፊቱ ስስ ይሆናል። አንድ ትንሽ ኩሬ ውስጥ ብዙ ሆነው ከተጨናነቁ ሁሉም ትንንሽ ሆነው ይቀራሉ። አሳ ባለበት ውሃ የሊምኒያ ወገኖች ለመሰበር የሚያስቸግር ክብ ያለ ቅርፊት ሊያበጁ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። ጎርፍ በየጊዜው በሚጠርገው ወንዝ ላይ ደግሞ ትልልቆቹ እስኪያድጉ ድረስ አይቆዩም፣ ስለዚ የምታገኙት ወጣቶቹን ነው፣ ያነሱት ስለኮሰሱ ሳይሆን ልጆች ስለሆኑ ነው።

አንድ ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። የቢልሃርዚያ ትል የገባባት ባዮምፋላሪያ እንቁላል መጣል ታቆማለች፣ ለእንቁላል የምታወጣው ጉልበት ስለሚተርፍ መጀመሪያ አካባቢ ከጤነኞቹ በላይ ልትፋፋ ትችላለች። ስለዚ ትልቅ ማለት ሁልጊዜ አሮጊት ማለት አይደለም፣ ትልቅ ማለት ጤነኛም ማለት አይደለም።

ታዲያ ያንተና የጓደኛህን ለማወዳደር በተመሳሳይ ሳምንት መሰብሰብ አለባችሁ፣ በተመሳሳይ መንገድ፣ እና የሁለታችሁም ውሃ ሙቀቱ ፍጥነቱ ካልሲየሙ መመዝገብ አለበት። ያ ከሌለ "ከግድቡ የመጣው 2 ሚሊሜትር ይበልጣል" የሚለው ዓረፍተ ነገር ለማንም አይጠቅምም።

ምን አይነት ውሃ ነው የሚወዱት? ሜዳ ስወጣ የት ልፈልግ?

ዳር ዳሩን። ጥልቀት የሌለው፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ሳርና ቄጠማ ያለበት፣ የበሰበሰ ቅጠል ያለበት፣ ቀስ የሚል ወይ የቆመ ውሃ። አብዛኞቹ እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ሳንባ ስላላቸው አየር ለመውሰድ ወደ ላይ ብቅ ይላሉ፣ ስለዚ ኦክስጅን ያነሰው ውሃ ላይም ይኖራሉ፣ አሳ የማይኖርበት ቦታ ላይ ስታገኟቸው አትገረሙ። የማይወዱት ፈጣን ውሃን ነው፣ በሰከንድ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ ባዮምፋላሪያ መቆየት አትችልም። ይሄን ለመለካት ውድ መሳሪያ አያስፈልግም፣ 5 ሜትር በገመድ ለክታችሁ ቅጠል ልቀቁ፣ ከ16 ሰከንድ በፊት ከደረሰ ፈጣን ነው ማለት ነው።

እኔ ሳይ ጅማ ላይ ብዙ የማገኘው ዋናው ወንዝ ውስጥ ሳይሆን ከጎኑ ነው፦ ለጡብ አፈር ተቆፍሮ የቀሩት ጉድጓዶች፣ የመስኖ ቦይ፣ ከብት ረግጦት ውሃ ያቆረበት ቦታ፣ ድልድይ ስር ያለ የተዘጋ ቱቦ። ይሄ በጣም ያሳስበኛል ምክንያቱም ረግረጉ ሲታረስና ሲቆፈር ቀንድ አውጣ የሚጠፋ ይመስለናል፣ ግን ሰፊው ጨፌ ተቆራርጦ ትንንሽ ኩሬ ሲሆን ለነዚህ ለተወሰኑት እንዲያውም ሊመቻቸው ይችላል፣ እነሱን የሚበላው ወፍና አሳ ነው ቀድሞ የሚሄደው። ግድብም እንደዛው ነው፣ ግልገል ግቤ አንድ በ1996 ዓ.ም ስራ ሲጀምር የሚፈስ ወንዝ የነበረው ቆሞ የሚውል ረጅም የሀይቅ ዳርቻ ሆነ። መብራቱን አልጠላም፣ ግን ዳርቻውን ማን እያየው ነው የሚለው ጥያቄ መጠየቅ አለበት።

ሜዳ ላይ ቢያንስ እነዚህን ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የውሃ ሙቀት፣ ፒኤች፣ ፍጥነት፣ ጥልቀት፣ ታችው አሸዋ ነው ጭቃ ነው ድንጋይ፣ ምን አይነት ተክል አለ፣ ጥላ አለው ወይ፣ ሰው ያጥብበታል ወይ፣ ከብት ይጠጣበታል ወይ። ኦክስጅንና ካልሲየም መለካት ከቻላችሁ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

ከየትኛው ወር ነው ጥሩው?

ክረምቱ ሲያልቅ ጀምሮ፣ ጎርፉ ሲረጋ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወንዙ ይጠርጋቸዋል፣ ከዛ ጥቅምትና ህዳር ላይ ረግተው የቀሩት ኩሬዎች ላይ ይፈለፈላሉ። በጋ ላይ ኩሬው ቢደርቅ ሞቱ ማለት አይደለም፣ ጭቃው ውስጥ ገብተው ዝናብ ይጠብቃሉ። በተጨማሪ እያንዳንዳቸው ወንድም ሴትም ስለሆኑና ብቻቸውንም መራባት ስለሚችሉ አንዲት የተረፈች ኩሬውን መልሳ ልትሞላው ትችላለች። ስለዚ አንዴ ሄዶ የለም ብሎ መጻፍ ልክ አይደለም፣ በተለያየ ወቅት ሂዱ።

ውሃው ውስጥ ስገባ ቢልሃርዚያ አይዘኝም?

ይይዛችኋል፣ ካልተጠነቀቃችሁ። ተላላፊው እጭ ከቀንድ አውጣዋ ወጥቶ እየዋኘ በደህና ቆዳ ነው የሚገባው፣ ቁስል አያስፈልገውም። ብርሃን ስለሚያነሳሳው ብዙ የሚወጣው ፀሐይ ጠንከር ሲል፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው፣ ስለዚ በጠዋት ስሩ፣ ረጅም ቦቲና ረጅም የጎማ ጓንት አርጉ፣ ውሃ ከነካችሁ ወዲያው በፎጣ አድርቁ። በባዶ እጅ ቀንድ አውጣ አትልቀሙ። ያሳከካችሁ ወይ የጠረጠራችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሰገራ ተመርመሩ፣ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው።

የሽንት ቢልሃርዚያ በቡሊነስ በኩል ነው የሚመጣው፣ ግን ቡሊነስ ስላያችሁ ብቻ የሽንት ቢልሃርዚያ አለ ብላችሁ አትጻፉ፣ እሱ እኛ አገር የሚታወቀው እንደ አዋሽ፣ ዋቢ ሸበሌና ኩርሙክ ባሉ ቆላዎች ነው።

ከብቶቼ የጉበት ትል ይዟቸዋል፣ ከቀንድ አውጣ ጋር ምን አገናኘው?

ጋሼ፣ ትሉ ከሊምኒያ ወጥቶ ውሃ ዳር ያለው ሳር ላይ ይጣበቅና ሳሩን የበላች ላም ትይዘዋለች። ደጋ ላይ በትንሿ በትሩንካቱላ፣ ቆላ ላይ በትልቋ በናታለንሲስ የሚመጣ ሲሆን እንደ ጅማ ያለ መካከለኛ ከፍታ ላይ ሁለቱም አይነት ሊኖር ይችላል። ከረግረጉ ጠርዝ ያለውን ሳር ባያበሏቸውና ውሃ በገንዳ ቢያጠጧቸው ይቀንሳል፣ መድኃኒቱን ግን የእንስሳት ሐኪም አይቶ ይስጥ።

እንዶድ ጨምረን ብንጨርሳቸውስ?

እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያገኘው የኛው ሰው ነው፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ብዙ የሞተ ቀንድ አውጣ አይቶ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ወንዝ ዳር ቆሞ በደንብ ማየት ምን ያህል እንደሚያደርስ። ግን በዘፈቀደ ውሃ ውስጥ መጨመር አይሆንም፣ አሳም ይገድላል፣ የሰው መጠጥ ውሃም ሊሆን ይችላል። መጠኑን የሚያውቅ ባለሙያ የሚሰራው ስራ ነው።

በፎርማሊን ላስቀምጣቸው?

አይ። ተራ ፎርማሊን ቆይቶ አሲድ ስለሚሆን ቅርፊቱን ይበላዋል፣ ከወራት በኋላ ስትለኩት የምታገኙት የፎርማሊኑን ስራ ነው። 70 በመቶ አልኮል በቂ ነው። ወረቀቱን በእርሳስ ጽፋችሁ ብልቃጡ ውስጥ አስገቡት፣ በስክሪፕቶ ከጻፋችሁ አልኮሉ ያጠፋዋል፣ ውጪ የተለጠፈ ብቻ ከሆነም ይላቀቃል።

ስንት ቀንድ አውጣ ይበቃኛል?

ከየቦታው 30 ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ግን ትልልቆቹን መርጣችሁ 30 አትበሉ፣ ወንፊቱ ላይ የወጣውን በሙሉ ውሰዱ። አይናችን ሁሌ ትልቁን ነው የሚያየው። ለእኩል ሰዓት ፈልጉ፣ ለምሳሌ ሁሉም ቦታ ላይ 30 ደቂቃ፣ ያኔ ብዛታቸውንም ማወዳደር ትችላላችሁ። አንድ ቦታ ላይ 4 ብቻ ከተገኘ 4 ብላችሁ ጻፉ፣ ምንም ካልተገኘም ዜሮ ብላችሁ የውሃውን ሙቀትና ፍጥነት እንዳለ መዝግቡት፣ ባዶ ወንፊት የወጣበት ኩሬም ሰንጠረዡ ላይ ረድፍ አለው።